ድምፅህን ያስመለስኩበት ሐሙስ

ተሼ የኔ ጌታ፤

ከተለያየን ሰባት ዓመት አለፈ። የሰባተኛ ዓመትህን ዝክር አውጥቼልሃለሁ፤ ሰው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። ብጽፍ ኖሮ የምጽፈው ሁሉ ለቅሶ ይሆን ነበር፤ አንተ ደግሞ ከፊልም ውጪ ሰው ሲያለቅስ ማየት አትወድም። ዛሬ ግን የምነግርህ ወሬ አለኝ። ሲሳይን ተበቀልኩት።

ስጽፈው ራሱ ደስ ስለሚለኝ ልድገመው። የሐሙስ ፊልማችንን ማሽን ይነካ የነበረውን፣ አንተ እንደ ወንድምህ ታየው የነበረውን ሲሳይን፣ ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ ተበቀልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ብትኖር ኖሮ ገና ስጀምር «ተይው ዓለሜ» ብለህ ታስቆመኝ ነበር። የለህምና ማንም አላስቆመኝም። ልጅህ ሞክራ ነበር፣ አልቻለችም። የተበቀልኩበት መንገድ ግን አንተንም ሳይነካህ አልቀረም፤ እሱንም እነግርሃለሁ፣ አልደብቅህም።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ስማ። በመንገድ በኩል ያለው ክፍል አሁንም ልብስ ስፌቴ ነው። ዛሬም የሴቶቹን ሰፊ የቤት ቀሚስ፣ ሽቲውን እሰፋለሁ፤ ጨርቁም እንደ ድሮው ከቶጎጫሌ ይመጣል። የስፌት መኪናዬ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ሆናለች፤ መብራት ሲጠፋ ግን፣ እሱ መቼም አልተለወጠም፣ በእግር የምትረገጠዋን አሮጊት አወጣለሁ። ከተማችን ጅጅጋ ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች። ፊልም ታሳይበት የነበረው አዳራሽ ተከፋፍሎ የሞባይል መሸጫ ሆነ፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። ጎረቤታችን ኢዶ ሀዎ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። አንተ እያለህ እንደ አክስት ኢዶ እንላት ነበር፤ ዛሬ ግን አክስትም እናትም ሆናኛለች። ሐሙስ ሲሆን እያነከሰች ትመጣና፣ መዓሊን ዛሬ ቢኖር ምን ያሳየን ነበር ትለኛለች። ሶማሌዎቹ ዛሬም አንተን ከመዓሊን በቀር በሌላ ስም አይጠሩህም፤ መምህርነትህን በሞትም አልሻሩብህም።

ማርታችን ድሬዳዋ ባንክ ቤት ትሠራለች። አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ሲቆጣ ግንባሩን የሚያኮማትረው ልክ እንደ አንተ ነው። አራስ ቤት ሳለች አንድ ቀን፣ እማዬ የአባዬ ድምፅ የተቀዳበት ነገር የትም የለም ወይ፣ ልጄ አያቱን በድምፅ እንኳ ይወቀው አለችኝ። የትም የለም አልኳት። አዝኜ፣ ግን አምኜ ነው ያልኳት፤ የለም ብሎ የነገረኝ ሲሳይ ነበራ።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንተ የምታውቀውንም ቢሆን ደግሜ ልጻፈው፣ ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። ደርግ ወድቆ ቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ ሲከፈት ሁሉም ቡጢና ጥይት ነበር የሚያሳየው። አንተ ግን ከሲሳይ ጋር አዳራሿን ተከራይተህ፣ ሌላው ቀን የፈለጋችሁትን አሳዩ፣ ሐሙስ ግን ለአሮጌ ፊልም ብቻ ይሁን አልክ። አሮጌ የህንድ ፊልም። ተዋናዮቹ ብዙዎቹ የሞቱበት፣ ምስሉ ዝናብ የሚዘንብበት የሚመስል ፊልም። ሰው ሳቀብህ። ካሴቶቹ ከሐርጌሳ ነበር የሚመጡት፤ ቶጎጫሌ ጨርቅ ላመጣ ስሄድ በጥቅሉ መሀል ሸጉጬ የማመጣልህ እኔ ነበርኩ። በኋላማ ሐሙስ ከአስር ሰዓት ጸሎት መልስ አዳራሿ ጢም ትል ጀመር። ወንዶቹ በግራ ጫታቸውን ጉንጫቸው ውስጥ ወጥረው፣ ሴቶቹ በቀኝ መሐረባቸውን አዘጋጅተው።

ሰው የሚመጣው ግን ለፊልሙ ብቻ አልነበረም፣ ላንተ ነበር። ሂንዲ ማን ያውቃል? ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዘህ ትቆምና ተዋናዮቹ የሚሉትን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥለህ በሶማልኛ ትናገራለህ። ለልጃገረዷ ቀጭን ድምፅ፣ ለባለ ጢሙ ወፍራም ድምፅ ታወጣለህ። ዘፈን ሲመጣ ዝም ብለህ ሻይህን ትጠጣለህ። ያኔ በየቪዲዮ ቤቱ ፊልም ተርጓሚ ነበር፤ እንደ አንተ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ የሚያስለቅስ ግን አልነበረም። ልጅ ሳለህ የህንድ አስተማሪዎች አስተምረውሃልና ሂንዲ ከእነሱ ተማረ ተባለ። አንተም አይደለም አላልክም።

እውነቱን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። አዲጋላ ሄደን በባቡር ጣቢያው ግድግዳ ጥላ ቴሌቪዥኑን በርሜል ላይ አስቀምጠን ያሳየን ዕለት ነው። በአንድ ፊልም ጅጅጋ ላይ የልጅቷ አጎት ያልከውን ሰውዬ አዲጋላ ላይ አባቷ አደረግከው። ስንመለስ ሲሳይ ከኋላ በጭነቱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ሹፌሩ እንዳይሰማ በጆሮህ ጠየቅኩህ። ሳቅህ እስኪያንቀጠቅጥህ ሳቅክ። የህንድ አስተማሪዎቼ ያስተማሩኝ ሂሳብ ነው፣ እሱንም በእንግሊዝኛ አልከኝ። የተዋናዮቹን ፊት እያየህ ከራስህ አውጥተህ ነበር የምትናገረው። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለሲሳይም ቢሆን አልከኝ፤ ምዬልህ ነበር። አጥብቄ ነበር የማልኩት ተሼ፣ ያንን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ፊልሙን ትቼ አንተን መስማት ጀመርኩ። አንድ ነገር ገባኝ። አንተ በምታወራቸው ፊልሞች ላይ ማንም ማንንም አይበቀልም። መጨረሻ ላይ ሁሉም ይቅር ይባባላል። «የማንጎዋ ሴት» እያልን የምንጠራውን አስታወስከው? ባሏ የሞተባት ሴት፣ ባለ ጢሙ ጌታ የማንጎ አትክልቷን የነጠቃት። ነጭ ጥምጥም ያደረጉት ሽማግሌ መጥተው ረዥም ንግግር ሲያደርጉላት፣ አንተ፣ ልጄ በድለንሻል ይቅር በይን ይሏታል ብለህ አዳራሹን በሙሉ አስነፍርቀሃል። በስተመጨረሻ የባለ ጢሙ ጎተራ ሲቃጠል ደግሞ፣ ፋኖሱ ከእጇ አምልጧት ነው አልክ። እኔ ግን የሴትየዋን ዓይን አየሁት። ምንም ያመለጣት ነገር አልነበረም።

ስኳሩ እግርህን ሲይዝህና መቆም ሲያቅትህ፣ ድምፅህን እንቅዳውና ሐሙስ አይቋረጥ ያለው ሲሳይ ነው። ለዚያ አመሰገንኩት፤ ዛሬም ለዚያ ብቻ አመሰግነዋለሁ። ዴኩን እኛ ቤት አመጣ፣ ማይኩን አልጋህ ላይ ዘረጋልህ፣ አንተም ትራስ ተደግፈህ ፊልም ከፊልም ስታወራ ከረምክ። ከዚያ እየባሰብህ ሄደ። የሲሳይም እግር ከቤታችን ራቀ። ቀብርህ ላይ ግን ከማንም በላይ ጮኾ አለቀሰ፤ በሣልስትህ ድንኳኑ ሳይፈርስ ካሴቶቹን አባዝቼ ልመልስልሽ ብሎ ካርቶኑን ይዞ ወጣ።

ብጠይቀው ዛሬ ነገ አለኝ። ማርታ ስታገባ የሠርጓ ዕለት ድምፅህን እንድናሰማ ፈልጌ እቤቱ ድረስ ሄድኩ። ፊቱን አጨፍግጎ፣ ዓለምዬ ምን ልበልሽ፣ ሻግተው አገኘኋቸው፣ አንጀቴ እያረረ ጣልኳቸው አለኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ታውቃለህ ምን አደረግኩ? አጽናናሁት። ትከሻውን እየመታሁ፣ አይዞህ ምን ታደርግ፣ የክረምት እርጥበት ነው አልኩት። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

ዘንድሮ ታዲያ ባጃጆቹ ጀርባ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የወጣቶች ማኅበር «የድሮ ፊልሞች ሳምንት» ሊያሳይ ነው፤ ፊልሞቹን ለጅጅጋ ሕዝብ በራሱ ድምፅ ከሂንዲ የተረጎመው አንጋፋው ሲሳይ የክብር እንግዳ ነው ይላል። እንጀራውን በሌላ ሥራ ሲበላ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ አንጋፋ ሆነ። መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ኢዶ ሀዎን ጠራኋት። ባጃጅ ይዘን ሄድን።

አዳራሹ ተማሪ በተማሪ ነው። በአዲሱ ፕሮጀክተር ምስሉ ግድግዳውን ሞላ። ከዚያ ድምፅህ መጣ ተሼ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሕልሜ እንኳ አጥርቼ ያልሰማሁት ድምፅህ፣ ከነጉሮሮ ጠረጋህ፣ ከአራቱም ማዕዘን መጣብኝ። ከኋላህ ደግሞ የኔ የስፌት መኪና ስትንኳኳ ይሰማል። ያኔ እየተቀዳህ መሆኑን ረስቼ እሰፋ ነበር፤ አንተም በፊልሙ መሀል ሳቅ ስትል ይሰማል። ቆሜ እንደነበር የገባኝ ከኋላዬ ያለው ልጅ እማማ ይቀመጡ ሲለኝ ነው። ኢዶ ሀዎ እጄን ጨምቃ ይዛ፣ ወላሂ መዓሊን ነው፣ ወላሂ መዓሊን ነው ትላለች። ሲሳይ ከፊት ረድፍ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ሰው ባጨበጨበ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ይነሳል። በድምፅህ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ደሜ ፈላ፤ ደስታዬን እንኳ ለብቻው አልተወልኝም።

ስንወጣ መንገድ ዘጋሁበት። ሰው ፊት ነውና አቀፈኝ። ዓለምዬ፣ ሐዘን ጆሮ ያታልላል፣ ካሴት ሲያረጅ ድምፅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው አለኝ። የስፌት መኪናዬስ አልኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ወጣቶቹ ዞረና፣ ነፍሳቸውን ይማርና መምህር ተሾመ ቤታቸውን ፈቅደውልኝ እዚያ ነው የቀዳሁት፣ ሻይም ያፈሉልኝ እሳቸው ናቸው አላቸው። ሻይ አፍይ አደረገህ። ለማኅበሩ ሊቀመንበር ነገርኩት፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እማማ ማስረጃ አለዎት ወይ አለኝ። ኢዶ ሀዎን ጠቆምኩት። እሷማ ጎረቤትዎ ናት አለኝ። የድሮ ታዳሚዎችህ ገሚሱ ሐርጌሳ ገብቷል፣ ገሚሱ አንተ ያለህበት ነው። ማንን ልጥራ?

በማግስቱ ከመድረክ ሲናገር ሰማሁት። ልጅ ሳለ የህንድ አስተማሪዎች ሂንዲ እንዳስተማሩት፣ ፊልሞቹን አንድም ቃል ሳያጎድል እንደተረጎመ አፉን ሞልቶ ተረከ። ያንተን የልጅነት ታሪክም ወሰደው ማለት ነው። መጀመሪያ ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ እዚያው በተቀመጥኩበት ሳቄ መጣ፣ ሰው እስኪያየኝ ድረስ። ሲሳይ ሞኙ ከድምፅህ ጋር ውሸትህንም ሰርቋል። ውሸት መሆኑን ደግሞ አያውቅም።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ህንዳዊ ዶክተር ያስተምራል። ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ ነኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ» እና «ቀስ በቀስ» ብቻ ነው። በመዝጊያው ዕለት፣ ሐሙስ፣ የሚታየው «የማንጎዋ ሴት» መሆኑን ሰምቼ ስለነበር ለሊቀመንበሩ፣ የፊልሙ አገር ሰው እዚህ እያለ እንዴት አይጋበዝም አልኩት። ክብር ነው ብሎ ከፊት ወንበር ያዘለት። ማርታን ደግሞ ፈቃድ ወስደሽ ነይ አልኳት፤ ድምፅህ መገኘቱን ከሰማች ጀምሮ አልቀመጥ ብላ ነበር። ስትመጣ ሲሳይን ማዋረድ እንዳሰብኩ ገብቷታል። እማዬ ተዪው፣ ካሴቱን በሽማግሌ እንጠይቀው፣ አባዬ ይህን አይወድም አለችኝ። አንቺ ከዶክተሩ አጠገብ ተቀምጠሽ የሚሰማውን በእንግሊዝኛ ሹክ በይው፣ ሌላውን ለኔ ተዪው አልኳት። አንተ ሂንዲ እንደማትችል አልነገርኳትም። ብነግራት አትቀመጥልኝም ነበር።

ያ ሐሙስ መጣ። አንተ በፊልሙ ሂንዲ ላይ ታወራለህ፣ ማርታ በዶክተሩ ጆሮ ትተረጉማለች፣ እኔ የሰውየውን ማጅራት አያለሁ። መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ማርታን ዞር ብሎ አየት። ባለ ጥምጥሙ ሽማግሌ ይቅር በይን ሲሉ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚስቅ ሰው ትከሻ ነበር። ጎተራው ሲቃጠልና አንተ ፋኖሱ አምልጧት ነው ስትል አፉን በእጁ ያዘ።

መብራት በራ፣ ተጨበጨበ፣ ሲሳይ ተነስቶ እጅ ነሳ። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። ማይኩን ሲሰጡኝ ሲሳይ ፊቱን ቅጭም አደረገ፤ ድምፁ የባሌ ነው ብዬ የምጮህ መስሎት ለእሱም መልስ አዘጋጅቷል። እኔ ግን በትህትና፣ ሲሳይ አንድም ቃል ሳያጎድል ተርጉሞልናል፤ የቋንቋው ባለቤት እዚህ ስላሉ ምስክርነታቸውን ይስጡልንና እናመስግነው አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሲሳይም ፈገግ ብሎ አጨበጨበ። ያ ፈገግታ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም፣ እንዲጠፋም አልፈልግም።

ዶክተሩ ላለመናገር ብዙ ለመነ። ሊቀመንበሩ ማይኩን እጁ ላይ አስቀመጠለት። ሰውየው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ልጅህ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ አለ፤ ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ ያለው ታሪክ አይደለም። ሽማግሌው ይቅርታ አልጠየቁም፤ የባለ ጢሙ ሚስት ሁኚ ብለው ሊያግባቧት ነው የመጡት። ፋኖሱም አልወደቀም። ሴትየዋ፣ አትክልቴን እንደወሰድክብኝ ጎተራህን ወሰድኩብህ ብላ ነው የጣለችው። እኔ መቼም እጠረጥር ነበር ተሼ። የሰማሁ ዕለት ሴትየዋን ተነስቼ ልስማት ነበር የቃጣኝ።

ማርታ ይህን እየመለሰች ሳለ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ገባት። አባቷ ሂንዲ አይችልም ነበር። ማይኩን ይዛ ወደ እኔ ዞረች፤ ያን አስተያየቷን ልነግርህ አልችልም። አዳራሹ ግን እኛን አላየም፣ በሳቅ ፈርሷል። ከኋላ አንዱ፣ አንጋፋው ሂንዲህን ከየት ገዛኸው ብሎ ጮኸ። ሲሳይ ቲማቲም መሰለ። ላቡን ጠረገ፣ ክራቫቱን ነካካ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ድፍረቱ ከዳው። ማይኩን ቀማና፣ እ… ይህኛውን እንኳ የተረጎመው ተሾመ ነው፣ ነፍሱን ይማር አለ።

ይህኛውን ብቻ ነው ወይ ብዬ ተነሳሁ። ማይክ አላስፈለገኝም። ሊቀመንበሩም ጠየቀው፣ ተማሪዎቹም ጠየቁት። ሁሉንም አለ። ሁሉንም የተናገረው ተሾመ ነው፣ ስህተቱም የእሱ ነው፣ እኔ ማሽን ነበር የምነካው አለ። ስህተቱ እንዳይነካው ብሎ ድምፅህን በሕዝብ ፊት መለሰልኝ። ይኸው ነው የፈለግኩት፤ ከእሱ አፍ፣ በእሱ ፈቃድ፣ እየተንገበገበ።

የቀረውንም ልንገርህ። ሳቁ ወዲያው ወዳንተ ዞረ። ለካ መዓሊኑ ነው ውሸታሙ ሲል አንዱን ሰማሁት። ከሲሳይ እጅ ላወጣህ ብዬ መሳቂያ አደረግኩህ። በገዛ አፌ አልነገርኩም፣ በዶክተሩ አፍ ነው ያስነገርኩት፤ መሐላዬን ግን ያው በላሁት። ይህን ያዳነልኝ እኔ አይደለሁም፣ ኢዶ ሀዎ ናት። በምርኩዟ ብድግ አለች፣ መጀመሪያ በሶማልኛ ቀጥላ በአማርኛ፣ ልክ አንተ እንደምታደርገው። ፋኖሱ ወድቆ ነው አለች። መዓሊን እንዲህ ብሎናል፤ ባሌን ይቅር ብዬ ቤቴ የተመለስኩት ያንን ሰምቼ ነው፤ ህንዱ ፊልሙን ያውቅ እንደሆነ እንጂ እኛን አያውቅም። ማርታ ለዶክተሩ መለሰችለት። ሰውየው ተነስቶ አጨበጨበላት። ከዚያ ሁሉም።

ማርታ ድሬዳዋ እስክትመለስ ድረስ በቅጡ አላናገረችኝም። ልትሳፈር ስትል፣ አባዬ ታዲያ ምን ነበር የሚያውቀው አለችኝ። አባትሽ ሰው ማስታረቅ ያውቅ ነበር፣ እኔ ግን አላውቅበትም አልኳት። ሳቀች። አልቅሳም ነበር።

ሲሳይ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ወርቁ፣ የትምህርት ቤት ባልደረባህ፣ እና የኢዶ ሀዎ ወንድም መጡ። ካርቶኑን ይዘው ነው የመጡት። ካሴቶቹ ሻጋታ የሚባል አልነካቸውም፤ እንደ ሰጠሁት ተደርድረው ነበር። በልተው ጠጥተው፣ በይ እንግዲህ አንቺም ይብቃሽ አሉኝ። አይበቃኝም አልኳቸው። ማኅበሩ ሐሙስ ሐሙስ አሮጌ ፊልም ማሳየቱን ሊቀጥል ነው፤ ማሽኑን የሚያውቅበትም ሲሳይ ስለሆነ ሥራው የእሱ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ይህ ድምፅ የመምህር ተሾመ ነው፣ እኔ ከቤቱ ወስጄ የራሴ ነው ብዬ ነበር ይበል አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ፣ የመጀመሪያውን ይበል፣ ሁለተኛው ይቅርበት፣ ሰው ነው አሉ። እኔም ሰው ነኝ አልኳቸው። ተለመንኩ፣ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ለሲሳይ ሄደው ነገሩት፤ እሺ አለ። ምን ምርጫ ነበረው። ይቅር ብለሽዋል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ታርቄያለሁ አልኳቸው። ይቅርታን እንዳላነሳሁ አላስተዋሉም፣ ወይም አስተውለው ዝም አሉኝ።

ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያው ነበር። ከፊት ተቀመጥኩ። ተነሳ፣ መሬት መሬቱን እያየ አነበነበው። አልተሰማም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ደገመው። ከዚያ የአዳራሹን መብራት አጠፉት፣ ድምፅህ ጀመረ፣ እኔም እንደማንም ሰው መሐረቤን አወጣሁ። ለልጅ ልጅህም በስልክ ቀድቼ ላክሁለት፤ ማርታ እንደምትለው ባለ ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ይፈራል፣ ባለ ቀጭኑ ሲመጣ ይስቃል።

ተቆጥተኸኝ እንደሆነ ተቆጣ። ስንገናኝ እንነጋገራለን፤ እስከዚያው ግን የሠራሁት አይቆጨኝም። ሰው ለሞተበት ሰው አልረሳህም ብሎ ቃል ይገባል። እኔ አንተን ለማስታወስ ቃል አያስፈልገኝም። ቃል ያስገባሁት ሲሳይን ነው፤ እኔ ብሞት እንኳ ዕድሜ ይስጠውና ሐሙስ በመጣ ቁጥር ተነስቶ ስምህን ይጠራል፣ ጮክ ብሎ።

ሚስትህ ዓለምነሽ